የወይኒ ተከላካዮች

ወይኒ ዘርአይ ወንድሟን አሉላን የጠላችበትን ቀን ታውቀዋለች። ያኔ ገና ጡቷ ያላጎጠጎጠ የተማሪ ቤት ልጅ ነበረች። ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ በነበረው ሰፈራቸው ውስጥ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር፤ እያደር ገባ አለች፤ እያደር ደግሞ ጆይስቲክ ጨበጠች። ያን ቀን ከሰፈሩ ወንዶች አንዱን በኳስ ጨዋታ አሸንፋ ተረኛው ከጎኗ ሲቀመጥ፣ አሉላ ከኋላዋ መጥቶ በዩኒፎርሟ ኮሌታ አንጠልጥሎ አነሳት። ምንም አልጠየቃትም። በጥፊ አጮላት።

"ሁለተኛ እዚህ ባገኝሽ እግርሽን ነው የምሰብረው" አላት።

ቤቱ ሙሉ ወንድ ሳቀ። የጥፊው ህመም ማታውኑ ለቀቃት፤ ሳቁ ግን አልለቀቃትም።

አሉላ በዚያ አላበቃም። እቤት ገብቶ ለእናታቸው ለወይዘሮ መብርሂት፣ ልጅሽ ከዱርዬ ጋር ስትውል አገኘኋት ብሎ ነገራት። እናቲቱም አላጣራችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይኒ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ሆነች። ጓደኞቿ አንድ ሁለት ቀን በር ላይ መጥተው ጠሯት፤ ከዚያ ተዉት።

አሉላ ግን ጨዋታውን ሳሎን ድረስ አመጣው። አባቱን ለምኖ የራሱን ማሽን አስገዛና ጓደኞቹን እየሰበሰበ ይጫወት ጀመር። ወይኒ ውሃ ታቀርባለች፣ ዳቦ ትቆርጣለች፣ ብርጭቆ ታነሳለች። ቁጭ ብላ እንድታይ የጋበዛት የለም። ቆማ ግን ታያለች። ትሪ ይዛ ከሶፋው ኋላ ቆማ፣ ወንድሟ እንዴት እንደሚያጠቃ ዓመት ከዓመት አየች። ሁልጊዜ በግራ ነው። ቡድኑ ውስጥ ያለውን ፈጣን ልጅ በግራ መስመር ይለቀዋል፤ አብዶ ሠርቶ ያታልላል፤ ተከላካዩ ተቻኩሎ በሸርተቴ ሲመጣበት ወደ ውስጥ ይቆርጥና በቀኝ እግሩ አዙሮ ሩቁ ቋሚ ጋ ያስቀምጠዋል። ጎሉን ባስቆጠረ ቁጥር የተሸነፈውን ልጅ አናት በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። "በቃ፣ ተማር" ይለዋል።

ወይኒ አደገች። አካውንቲንግ ተምራ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀጠረች። ገና ሥራ እንደጀመረች ያገለገለ ማሽን ገዝታ ክፍሏ አስገባች። እናቷ ምንድን ነው ብትላት፣ የፊልም ማጫወቻ ነው አለቻት። ቅዳሜ ከሰዓት በሯን ዘግታ ትጫወታለች። ማጥቃት ብዙም አልሳባትም። የሚስባት ማስቆም ነበር፤ አንድ ሰው ጎል አገባሁ ብሎ ሲቋምጥ ኳሱን ከእግሩ ሥር መውሰድ።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። የነዚያ ሁሉ ዓመታት ጎረቤት በየፊናው ተበተነ፤ እነወይኒም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ቤቷ ጠባብ ናት፣ አራተኛ ፎቅ። ወይኒና አሉላ አሁን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ሆነ። እሱ ሠላሳውን አልፎ ከአባቱ ጋር በመለዋወጫ ንግድ ይሠራል፤ አላገባም፤ ማታ ማታ እራት የሚቀርብለት ግን በወይኒ እጅ ነው። እሷም ሠራተኛ መሆኗ ለማንም ትዝ አይለውም።

የድሮው ፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ሙሐሲን ኦሎምፒያ አካባቢ ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ተከራይቶ እንደገና ከፈተ። እሁድ እሁድ የተበተኑት የሰፈሩ ልጆች ከያሉበት እየመጡ እዚያ ይገናኛሉ። ሙሐሲን አንድ ቀን በሰፈሩ ቴሌግራም ላይ የካዛንቺስ ልጆች ዋንጫ ሊያዘጋጅ እንደሆነ ጻፈ። ወይኒ ለብቻው ደወለችለት። ሰውየው አመነታ። አሉላ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቃት።

"እኔ የካዛንቺስ ልጅ አይደለሁም?" አለችው።

መዘገባት።

የዋንጫው እሁድ ስትገባ የሙሐሲን ቤት ጭስና ላብ ይሸታል። አሉላ ከልጅነት ጓደኛው ከምንዳዬ ጋር እያወራ ነበር፤ ሲያያት ወደሷ ዞረ። ምን ልትሠሪ ነው አላት። ልጫወት አለችው። ወደ ቤት ሂጂ አላት፣ ልክ ውሃ አምጪ እንደሚላት አድርጎ። ወይኒ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙሐሲን በመሃል ገብቶ ተመዝግባለች ሲል፣ ምንዳዬ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ እህትህን ፈራህ እንዴ አለው። ከዚያ በኋላ አሉላ ጥሎ መውጣት አልቻለም።

ሕጉ ቀላል ነበር። ሁሉም በዕጣ ተራ እየያዘ ከመላው ዓለም ክለቦች አንድ አንድ ተጫዋች ይጠራል፤ አንድ ጊዜ የተጠራ ለሌላ አይሰጥም። ወንዶቹ አጥቂ በአጥቂ ላይ ተራኮቱ። ስም ያለው ሁሉ በአንድ አፍታ አለቀ። አሉላ የፈለገውን ፈጣን የግራ መስመር አጥቂ አገኘ። የወይኒ ተራ ሲደርስ፣ ብዙዎቹ ስሙን እንኳን ሰምተው የማያውቁትን አንድ የቀኝ መስመር ተከላካይ ጠራች።

ሳቅ ሆነ። አሉላም ሳቀ፤ ከሁሉም ጮክ ብሎ።

ቀጥላም ተከላካይ ጠራች። ደግማም ተከላካይ። ከመሃል ተከላካዮች ሁሉ ስሙ የገነነው ረጅሙ ሆላንዳዊ ገና አልተወሰደም ነበር፤ አለፈችው። ምንዳዬ አላስችል ብሎት፣ ትልቁ ሰውዬ እያለልሽ ምን ነካሽ አላት።

"እሱ እስኪዞር አጥቂው ጎል አግብቶ ይጨፍራል" አለችው።

ወይኒ ማሽኑ ከተጫዋቹ ስም ጎን የሚያወጣውን ትልቅ የብቃት ቁጥር አላየችም። ያ ቁጥር የጭንቅላት ኳሱንም፣ ጉልበቱንም፣ ፓሱንም አንድ ላይ ቀላቅሎ የሚሰጥ ነው፤ ከፈጣን አጥቂ ጋር እኩል መሮጥ መቻል አለመቻሉን ግን አይናገርም። እሷ ያየችው ሩጫውን ነበር፤ ቶሎ መዞሩን፤ ቦታውን ትቶ አለመሄዱን። በዓለም ምርጥ የሚባሉትን ተከላካዮች አልፈለገችም። አሉላን የሚያስቆሙ ተከላካዮችን ነው የፈለገችው። አጥቂ ስትመርጥ ወንዶቹ የተረፋቸውን ወሰደች። ሆላንዳዊውን አሉላ ሳያመነታ አነሳው።

የመጀመሪያ ጨዋታዎቿን በአንድ ጎል፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ እንደምንም አሸነፈች። ተመልካቹ ተሰላቸ። ይሄ ኳስ ነው ወይስ የዘበኛ ሥራ ይላሉ። አንዱ ልጅ እንቅልፌን አመጣችው ብሎ ወጣ። እሷ ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም። በሌላው ቴሌቪዥን አሉላ ያገኘውን ሁሉ በጎል እያንበሸበሸ ያሰናብታል። ለፍጻሜ ተገናኙ።

አሉላ ጨዋታው ሳይጀምር ነው መናገር የጀመረው። ቀስ ብሎ፣ ለሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ፊት ነው የማስለቅስሽ አላት። ኳሱን በግራ ለቀቀው። ልጁ እንደ ጥይት ወጣ። የወይኒ ቀኝ ተከላካይ ግን አልሄደበትም። ሸርተቴም አልወረደም። ዝም ብሎ ጎን ለጎን ሸኘው፣ ወደ መስመሩ እየገፋ፣ ወደ ውስጥ የምትወስደውን በር ዘግቶ። አሉላ አብዶ ሠራ፤ ተከላካዩ ቆሞ አየው። ደገመ፤ ኳሷ ወጣች።

"ነይ እንጂ! ምን ያስፈራሻል?" አላት።

ሲመጣ ትሸኘዋለች፣ ሲመጣ ትሸኘዋለች። አንዴ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ቢያሳልፍ፣ እነዚያ ስም የለሽ ፈጣኖቿ ከአጥቂው ቀድመው ደረሱ። በቀኝ ሞከረ፤ በቀኝ ማጥቃት አያውቅበትም። ከሶፋው ኋላ ቆማ ያየችው ሁሉ ፊቷ ነበር፤ ከማሰቡ በፊት ምን እንደሚያስብ ታውቃለች። የአሉላ አንገት ቀላ፤ ስድቡ እየባሰ መጣ። ቆሞ ቀር አላት፤ ማን ያገባሻል አላት። ሙሐሲን አፍህን ሰብስብ ቢለው ሙሐሲንንም ሰደበው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ትዕግሥቱ አለቀና ሰዉን ሁሉ ወደፊት ላከ። ኋላ የቀረው ሆላንዳዊው ብቻ ነበር። ወይኒ ኳሱን ነጠቀችና በሰውየው ጎን አሳልፋ ወረወረችው። ማንም ያልፈለገው አጥቂዋ ሮጠ። ረጅሙ ሰውዬ መዞር ጀመረ፤ ዞሮ ሳይጨርስ ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች።

መጀመሪያ ምንዳዬ ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ አሉላን በጣቱ እየጠቆመ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወይኒ ልዋሽ ብትል እንኳን አትችልም፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አሉላ ጆይስቲኩን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ተነስቶ መጣባት፤ እጁንም አነሳ። ወይኒ ከወንበሯ ተነሳች እንጂ ወደኋላ አላለችም።

"ምታኝ" አለችው። "ያኔም ሰው ነበር፤ አሁንም ሰው አለ። ግን ዛሬ ከመታኸኝ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምንሄደው።"

እጁ አየር ላይ ቆየች፤ ከዚያ ወረደች። እቤት እንገናኛለን ብሎ ወጣ። ዋንጫውን ሙሐሲን ሲሰጣት ያጨበጨበ የለም።

እቤት ስትገባ ወይዘሮ መብርሂት ወሬውን ሰምታ ጠበቀቻት። ወንድምሽን በሰው ፊት አዋረድሽው፤ እንዴት ያለ ልብ ነው ያለሽ እያለች ወረደችባት። ጾሙን ትጾሚያለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አለቻት። አባቷ አቶ ዘርአይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉት።

"አደይ፣ እሱ እኔን ሲያዋርደኝ አንቺ የት ነበርሽ?" አለች ወይኒ።

እናቲቱ ያ እኮ የልጅነት ነገር ነው አለች።

"ልጅ የነበርኩት እኔ ነኝ። እሱ ትልቅ ሰው ነበር።"

ወይዘሮ መብርሂት ይቅርታ አላለችም። ያን ቀን ማታ ወይኒ እራት አላቀረበችም። በነጋታውም አላቀረበችም። አሉላ ከእናቱ እጅ መብላት ጀመረ።

ሙሐሲን ቤት ወንዶቹ መክረው አዲስ ሕግ አወጡ፤ መጀመሪያ የሚመረጠው ተጫዋች የግድ አጥቂ ይሁን ተባለ። ሕጉ ለማን እንደወጣ ሁሉም ያውቃል። ወይኒ አልተከራከረችም። አንድ አጥቂ ትጠራና ወደ ተከላካዮቿ ትመለሳለች። ከሷ ጋር መቀመጥ የሚወድ የለም፤ ግን እሁድ እሁድ ትሄዳለች። አሉላም ይመጣል፤ ፊት ለፊት ሲደርሱ ብቻ ይጫወታሉ፣ ሳይነጋገሩ። አንዳንዴ ያሸንፋታል። የልጅ አናት መታ መታ ማድረግ ግን ትቷል።

አንድ ቀን ወይዘሮ መብርሂት ሽንኩርት እየከተፈች፣ ያ የቀኝ ተከላካይ ማነው ስሙ፣ ወንድምሽ እኮ ስሙ ጠፍቶበት ነው አለቻት። ወይኒ ምላስ ካለው ራሱ ይጠይቀኝ አለች። አልጠየቃትም።

ባለፈው እሁድ ዝናብ ነበር። ኦሎምፒያ ታክሲ ጠፍቶ ሰዉ ሲጋፋ፣ ሁለቱ ሳይተያዩ የጎተራ ሚኒባስ ውስጥ አብረው ገቡ። እሱ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እሷ ከኋላ። ረዳቱ ሂሳብ ሲል አሉላ የራሱን ብቻ ከፈለ። ወይኒም የራሷን ከፈለች። አንድ ቦታ ወረዱ። እሱ ዝናቡን እየሮጠ ቀድሟት ደረጃውን ወጣ፣ ገባ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው። ወይኒ ከቦርሳዋ የራሷን ቁልፍ አወጣች።