ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ዓሣ ማጥመድ ቀድሞኝ የጀመረው ባለቤቴ ነው፤ ይህን አልክድም። አትላንታ አጠገብ ታከር የምትባል ከተማ ቤት ገዝተን በገባን ሰሞን የሥራ ጓደኞቹ አንድ ቅዳሜ ይዘውት ሄዱ፤ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ በማጥመጃ ዘንግና በፕላስቲክ ሣጥን ተሞላ። ሣጥኖቹ ውስጥ ሉር የሚሏቸው የውሸት ማጥመጃዎች ተደርድረዋል፤ ቀለም የተቀባ ትንሽ ዓሣ፣ የላስቲክ ትል፣ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ዓይን የተሳለበት እንቁራሪት። መጀመሪያ ሳያቸው የልጅ መጫወቻ መስለውኝ ነበር።

ኩሬውን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። ሥራዬ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አንድ ዓመት ከቤታችን ብዙም የማይርቁ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋ ተመደብኩ። ቤታቸው ከመንገድ ገባ ያለ ነው፤ ጓሮው ውስጥ በዛፍ የተከበበች ትንሽ ኩሬ ነበረች። ባስ የሚባለውን ዓሣ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ከዓመታት በፊት የጨመሩባት። አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ መጋረጃውን ግለጪልኝ ይሉኝና ውኃውን እያዩ ይውሉ ነበር። አጥቤ፣ አብልቼ፣ አገላብጬ፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደንኩት እኔ ነኝ። ከቀብሩ በኋላ ሚስታቸው እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

«ባልሽ ዓሣ ይወዳል ብለሽኝ ነበር። በፈለጋችሁ ቀን ኑና አጥምዱ፤ በሩ አይቆለፍም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ የያዛችሁትን ወደ ውኃው መልሱት። እሱ ያሳደጋቸው ናቸው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርን። እኔ ለወሬ ያህል ነበር የምከተለው፤ በኋላ ባለቤቴ አሮጌ ዘንጉን ሰጠኝና አብሬው መወርወር ለመድኩ። በሙቀት ጊዜ ባለቤቴ ጥሩ ያጠምዳል። ባስ በሙቀት ቁጡ ነው፤ ፊቱ ያለፈውን ሁሉ ይመታል። ብርዱ ሲገባ ግን ኩሬዋ ዝም አለች። አትላንታ በረዶ ባይበዛባትም ብርዷ እርጥብ ነው፤ ጓንት አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ባለቤቴ እንደ በጋው የሚያብረቀርቀውን ይወረውራል፣ በፍጥነት ይስባል፣ ባዶውን ይመጣለታል፣ ይቀይራል። ከዚያ አየሩን ይሳደባል፣ ዘንጉን ይሳደባል፣ በመጨረሻ «እዚህ ዓሣ የለም» ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል።

አንድ ቅዳሜ እሱ ሣጥኑን ሲበረብር እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ዘንጌን ጉልበቶቼ መሐል አጣብቄ ማውራት ጀመርኩ። ክሩ ጫፍ ላይ የነበረው ጂግ የሚሉት ቡናማ ነገር ነው፤ የእርሳስ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ሆኖ ከበላዩ እንደ ዘርፍ የተንዘረፈፈ ላስቲክ አለው። ባለቤቴ ስለማይወደው ነበር የሰጠኝ። ውኃው ሥር ተኝቶ ቆየ። እኅቴ ስለ ሠራተኛዋ እያማረረች ሳለ የዘንጌ ጫፍ ቀስ ብሎ ጎነበሰ። ምት የለው፣ ንጥቂያ የለው፤ እርጥብ ፎጣ ከባልዲ እንደማውጣት ያለ ክብደት ብቻ። ስልኩን ሣር ላይ ጥዬ ሳብኩ። ባለቤቴ በበጋ ከያዛቸው ሁሉ የሚበልጥ ባስ ነበር።

«አይ ዕድል!» አለና ሳቀ።

እኔ ዕድል ነው ብዬ አልተውኩትም። ሥራዬን አሰብኩ። አቅም ያነሰው ሰው ተነስቶ ማዕድ ድረስ አይሄድም፤ ምግቡን አሳንሰህ፣ ወደ አፉ አስጠግተህ ትጠብቀዋለህ። ካጣደፍከው ፊቱን ያዞርብሃል። በብርድ ያለ ዓሣም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ያን ጂግ ደጋግሜ ሞከርኩ። ዘርፉ ሲበዛ ትልቅ ስለሚያስመስለው በጥፍር መቀስ አሳጠርኩት። ውኃው ሲጠራ ቡናማውን አሰርኩ። ዝናብ ዘንቦ የጆርጂያ ቀይ አፈር ሲደፈርስበት ደግሞ ጥላው በደንብ እንዲታይ ጥቁሩን። ጠዋት ጠዋት ኩሬዋን የያዘው የአፈር ግድብ አጠገብ ጥልቁ ጋ እጥላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብቅ ስትል ብርሃን ወደሚያርፍበት ዳር እዞራለሁ። ጥዬ አስተኛዋለሁ። አንድ ጊዜ ነካ አደርገውና መልሼ አስተኛዋለሁ። ሁለት የብርድ ወቅቶች እንዲህ እየሞከርኩ አለፉ፤ ብዙ ቀን ባዶዬን ገብቻለሁ፣ ብዙ ቀንም ይዣለሁ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቀጥሎ እጄን እጄን ያይ ጀመር። በመጨረሻ «እስቲ ከእነዚያ አንዷን ስጪኝ» አለ። ሰጠሁት፤ እንዴት እንደሚያሳጥረውም አሳየሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ እሱ አንድ ነገር አሳዪኝ ብሎ ከጎኔ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።

ልጃችን ደንዉዲ ነው የምትኖረው፤ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሑድ ምሳ ላይ አባቷ ስለ ባስ ሲለፈልፍ ሰማችውና «ዳዲ፣ ዩቲዩብ ላይ ቻናል ለምን አትከፍትም? ስለ ባስ በአማርኛ የሚያወራ ሰው የለም እኮ፣ ሲሪየስሊ» አለችው። እሷ ለቀልድ ነበር፤ እሱ ግን በሳምንቱ ኮፍያ ገዝቶ መጣ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ «በብርድ ጊዜ ለትንሽ ኩሬ የቱን ሉር እንምረጥ?» የሚል ነበር። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ግድቡ ላይ ቆሞ፣ እኔ ያሳጠርኩትን ጂግ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ተናገረ፤ ዓሣው ማባረር እንደማይፈልግ፣ ምግቡን ማሳነስና ማስጠጋት እንደሚያስፈልግ፣ ቡናማውን መቼ፣ ጥቁሩን መቼ። የእኔኑ፣ ቃል በቃል። ከዚያ ወደ ካሜራው ቀረብ ብሎ «ይሄን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ብርድ ላይ ቆሜ፣ ዋጋ ከፍዬበት ነው» አለ። ስልኩን ዝቅ አድርጌ አየሁት።

«አትንቀሳቀሺ እንጂ!» አለኝ።

መጨረሻ ላይ ያነሳኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላነሳኝም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቅሁት።

«የእኔን ምነው ሳትጠቅሰው ቀረህ?»

«የቱን የአንቺን?»

«ጂጉን ነዋ። ማሳጠሩን፣ ማስተኛቱን። ሁሉንም።»

«እንዴ፣ እኔና አንቺ አንድ አይደለንም እንዴ? ማንም ይናገረው ማን፣ ምን ለውጥ አለው?»

«ለውጥ ከሌለው የእኔ ነው ብለህ ተናገራ።»

ሬዲዮውን ከፈተ። ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። «ማሚ፣ እዛው ኮመንት አድርጊበት በቃ። ቢግ ዲል አይደለም እኮ» አለች። ባሌ ቪዲዮ ሥር እንደማያውቀው መንገደኛ ልጽፍለት ነው? ተውኩት።

ቪዲዮው ሰው አገኘ። ከዚህም ከሌላ ስቴትም ይጽፉለት ጀመር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቆመን ሳለ ክላርክስተን ከተማ ሱቅ ያለው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ «መምህር!» እያለ መጣ። የባለቤቴን ትከሻ እየደበደበ በዚያ ሳምንት በጂግ ስለያዘው ዓሣ አወራ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ እኅቴ፣ ታጠምጃለሽ?»

አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ መለሰልኝ። «እሷ ብርድ አትችልም። መኪና ውስጥ ሄተር ከፍታ ነው የምትጠብቀኝ።»

በዙሪያችን የነበሩት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሰው ፊት ምን ይደረጋል። ጣቶቼ በብርድ ተሰነጣጥቀው ቅባት ቀብቻቸው ነበር፤ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ደበቅኋቸው። እቤት ስንገባ «ለቀልድ ነው፣ አንቺ ደግሞ» አለኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ስልኩን አልይዝም አልኩ። እሱም አልለመነኝም፤ ምትክ ገዛልኝ፣ ባለ ሦስት እግር የስልክ ማቆሚያ ብረት። ኩሬው ዳር ይተክለውና ብቻውን ይቀረጻል። እኔ ማዶ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው አጠምዳለሁ።

ይህን ያሰብኩት ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። እኔ ስልኩን ስይዝ ሁልጊዜ ወደ ዛፉ ነበር የማዞረው፤ የሴትዮዋ ቤት እንዳይታይ። ማንም አላዘዘኝም፤ የሰው ቤት ነው። ብረቱ ግን ይህን አያውቅም፤ ባለቤቴም አላሰበበትም። ቀጥሎ በወጡት ቪዲዮዎች ውስጥ ከትከሻው ኋላ ሁሉም ነገር ይታያል፤ የቤቱ ጭስ መውጫ፣ ነጩ አጥር፣ በሩ፣ አንዱ ላይማ የመንገዱ ታፔላ ሳይቀር። ለጠየቁት ደግሞ ራሱ እየደወለ አቅጣጫ ነግሯል። በሩ አይቆለፍም ብሎም ጨምሯል።

የነቢያት ጾም የገባ ሰሞን ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ የሚበላው ሰው ቀላል አይደለም። ሥራ ላይ እያለሁ ሴትዮዋ ደወሉልኝ። ድምፃቸው አልጮኸም።

«ጓሮዬ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ። ያንቺን ቋንቋ ነው መሰለኝ የሚያወሩት። የባልሽን ስም ነገሩኝ።»

የያዝኩትን ፈረቃ ለሌላ ሰው ሰጥቼ በረርኩ። ስደርስ ሰዎቹ ሄደዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሣሩ ላይ መኪና ነድተውበት ጭቃ ሆኗል። ሽማግሌው በእጃቸው በሠሩት የእንጨት መረማመጃ ላይ ዓሣ ተቆራርጧል፤ ቅርፊቱና አንጀቱ እንዳለ ተትቷል። የትልቅ ባስ ጭንቅላት ውኃው ዳር ወድቋል። ባልዲ ለምኜ ሳንቃውን አጠብኩት። ሴትዮዋ የኋላ በር ላይ ሹራባቸውን ደርበው ቆመው ያዩኛል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እኔ አላወቅሁም። እኔ አልጠራኋቸውም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ባሌን ስታጥቢው የነበርሽ ሴት ነሽ። ለዚያ ነበር ያመንኩሽ።» የበሩን እጀታ ያዙና «ግን ከእንግዲህ በሩን እቆልፈዋለሁ። አንቺም አትምጪ። መኪና በቆመ ቁጥር በመስኮት እያየሁ መኖር አልችልም» አሉ።

በሩን ዘጉት። ባልዲውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ራት እየበላ ነበር።

«እኔ ብሉት አልኳቸው?» አለ። «መልሱት ብዬ በቪዲዮ ተናግሬያለሁ እኮ። ሰው ካልሰማ ምን ላድርግ?»

«ቤቷን አሳይተህባታል።»

«ኩሬ ሞልቷል፣ አንቺ ደግሞ! ጆርጂያ ውስጥ ኩሬ ጠፋ?»

«እኔን የሚያውቀኝ ኩሬ ግን እሱ ብቻ ነበር» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ ለማስረዳትም አቅም አልነበረኝም። ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው ስለው እሺ አለ፤ አልሄደም። በሳምንቱ ሌላ ኩሬ ዳር ቆሞ ቪዲዮ ለቀቀ። ስለ በሩ መቆለፍ ያነሳው በመጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ «አንዳንድ ሰዎች እኛን ሐበሾችን ሲያዩ አይወዱም» ብሎ አለፈው። ያን ስሰማ ወጥ ቤት ነበርኩ። ምድጃውን አጥፍቼ ወጥቼ ሰፈሩን ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮውን አይቼ አላውቅም።

ለገና ካርድ ላክሁላቸው፤ መልስ አልመጣም። ብርዱ ሊወጣ ሲል ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ አጥሩ ላይ የሽያጭ ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። ስልካቸው አይሠራም። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ውሻዋን እያንሸራሸረች ነበርና ጠየቅኳት፤ ልጃቸው ወደሚኖርበት ስቴት ሄደዋል አለችኝ። መቼ ብዬ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። ቤቱን የገዙት ሰዎች በኋላ ኩሬውን አደረቁት፤ ልጅ ይገባበታል ብለው ነው አሉ። አሁን ቀይ አፈርና ሣር ነው።

እኔና ባለቤቴ አልተለያየንም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ በዓሣ ምክንያት ማን ይለያያል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። አንድ ቤት እናድራለን፣ አንድ ማዕድ እንቀርባለን፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን። እሱ ቅዳሜ ከአድናቂዎቹ ጋር ይወጣል። እኔ ሥራ ከሌለኝ ሰው በሌለበት ቀን የካውንቲው ፓርክ ውስጥ ወዳለው ኩሬ እሄዳለሁ። ጥሩ ኩሬ አይደለም፤ ዳክዬ ይበዛበታል፣ ሥሩ በበሰበሰ ቅጠል ተሞልቶ ጂጉን ይይዝብኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ቀለል ያለ እርሳስ ጀምሬያለሁ፤ ቅጠሉ ላይ ሳይሰምጥ እንዲያርፍ። ከጥቁር ይልቅም ጠቆር ያለ ቀይ እዚያ ይሻላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ስመለስ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆኖ «ያዝሽ?» ይለኛል።

«አልያዝኩም» እለዋለሁ። ይዤ ወደ ውኃው መልሼ ስመጣም የምለው ይህንኑ ነው።