ተደፍተው የተቀመጡት ፎቶዎች

ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥዬ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ፎቶ ቤት ሥራ ገባሁ። ሽማግሌው በጊዜያቸው አዲስ አበባ ላለ ጋዜጣ ፎቶ ያነሱ ነበር። ስብሰባና ሪባን ቆረጣ እንዳይመስላችሁ፤ ገበያውን፣ አውቶቡሱን፣ ጭቃውን ነው። ፊልሙን በፖስታ አሽገው ለሾፌር ይሰጣሉ፣ በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ቡታጅራ ግን ጋዜጣው አይደርስም ነበር።

ለዚህ ነው ሰዉ "አንሳኝ፣ ብቻ እዚህ አገር እንዳይታይ" ይላቸው የነበረው። የእነዚህን ሰዎች ፎቶ ሳጥን ውስጥ በፊቱ ደፍተው ነው የሚያስቀምጡት። "የተደፋውን እንዳትነካ" ብለውኛል። አልሰማሁም ብል ውሸታም ነኝ።

ግን ምርጦቹ የተደፉት ናቸው! አንዷ ልጅ አለች፣ መናኸሪያው መሀል ዝናብ የመታውን ሻሿን እየጨመቀች፣ ጸጉሯ ተበትኖ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ የምትስቅ። በስልኬ አነሳሁና "የድሮዋ ቡታጅራ" ብዬ ገጼ ላይ ለቀቅኩት። ከእንሴኖ እስከ ቡኢ ተቀባበሉት። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ገቡ። ሐጅ አድርገው የመጡ ናቸው፣ ተሸፋፍነው ከፊታቸው በቀር ምንም አይታይም። ሰላም እንኳ ሳይሉ ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"የልጅ ልጄ ናት ያሳየችኝ። 'ይሄ አንቺ ነሽ እንዴ?' አለችኝ። በሰው ፊት! ቃል ሰጥተኸኝ አልነበር?"

ሽማግሌው ፎቶውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። የመናኸሪያውን ረዳት ሁሉ በምላሴ የማስሮጠው ሰውዬ ጠረጴዛውን መወልወል ያዝኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። "እርጅና ነው እህቴ፣ ረሳሁት።"

"አልረሳህም። ንቀኸኝ ነው።"

እናትየዋ ወጡ። ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ እኮ እመልስ ነበር፣ ስድብ መች አጥቼ! "አጥፋው" ብቻ አሉኝ። ከራሴ ገጽ አጠፋሁት። ከሌላው ሰው ስልክ በምን አባቴ ላጥፋው?

እኔ መሆኔን እስካሁን አልተናገርኩም። እኚያ እናት በበራችን ሲያልፉ ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ ብለው ሰላም ይላሉ፤ እሳቸው ሰላምታውን ሳይመልሱ መንገዱን ይሻገራሉ። እኔን ገበያ ሲያገኙኝ ግን ይቆማሉ።

"ደህና ነህ ልጄ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ እናቴ" እላለሁ።