ዶክተሯና የኮሶዬው ብራና ፋቂ

በፊቷ «ዶክተር» ነው የምላት፤ እዚህ ግን ወርቅውሃ ልበላት። ጎንደር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ አብሬያት መሥራት ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ እሷ ተመራማሪ፣ እኔ ቴክኒሻን። ከፍየል ቆዳ ስስ ሽፋን እናዘጋጃለን፤ በላዩ የሰው ቆዳ ሴሎች እናሳድጋለን። ሐሳቡ አንድ ቀን የተቃጠለ ሰው ቁስል ላይ ተለጥፎ የራሱ ቆዳ እንዲበቅልበት ነው። ታናሽ እህቷ ሰላም በልጅነቷ የፈላ ዘይት ተደፍቶባት፣ የአንገቷ ቆዳ ተኮማትሮ ቀርቷል። ክረምት ከበጋ ነጠላ ጠምጥማ ትሸፍነዋለች። ወርቅውሃ ይህን ሥራ ለምን እንደመረጠች ጠይቄያት አላውቅም።

ችግሩ፣ ሴሎቹ ይሞቱብናል። የሙያው መጽሐፍ እንደሚለው ቆዳውን በኖራ ነክረን ፀጉሩን እናስለቅቃለን፣ በማድረቂያ ምድጃ እናደርቀዋለን። ሽፋኑ እንደ ከረመ ቂጣ ይደርቃል፤ ሴሎቹን ስናሰፍርበት በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሙት! ስድስት ጊዜ ሞከርን። ሥራችንን የሚገመግመው ኮሚቴ «አንድ ሙከራ ይቀራችኋል፤ ካልተሳካ ጥናቱ ይዘጋል» አለን። እኔማ ተስፋ ቆርጬ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌ ነበር።

ያን ሰሞን ለሥራ እኔ እየነዳሁ ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኮሶዬ መንደር ላይ ወርቅውሃ «አቁም! ወንዴ፣ አቁም!» ብላ ጮኸች። ሰው የገጨሁ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ! እሷ ግን በሩን ከፍታ ሮጣለች። አጥሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በእንጨት መወጠሪያ ላይ የተወጠረ የፍየል ቆዳ ይፍቃሉ። አያ መልካሙ ይባላሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ብራና ሲፍቁ አርባ ዓመት አልፏቸዋል።

«አያ፣ ፀጉሩን በምን አስለቀቁት? በኖራ ነው?»

«የምን ኖራ! በውሃና በእጄ ነው እንጂ።»

ወርቅውሃ ከቦርሳዋ የእኛን ሽፋን አውጥታ ሰጠቻቸው። በጣታቸው አሸት አሸት አድርገው ወደ ብርሃን አነሡት።

«ምነው ልጄ! አንዴ የሞተውን ፍየል ዳግም ገደላችሁት?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም፤ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«እሱን መልሺው፤ በጽሑፍ አይሆንልሽም። ቅዳሜ ነይ። ልጆቼ ሁሉ ከተማ ገብተዋል፤ ከእኔ ወዲያ ይህ መወጠሪያ ማገዶ ነው።»

ስድስት ቅዳሜ ተመላለስን። ዶክተሯ ሁለት ቆዳ ቀደደች፤ አያ መልካሙም እንደ ተማሪ ተቆጧት። ጥፋታችን የገባን እዚያ ነው። የእሳቸው ቆዳ ከመወጠሪያው ሳይወርድ፣ የተወጠረበት ገመድ እየተሳበ፣ በጥላ ቀስ ብሎ ይደርቃል። የእኛው ግን ሳይወጠር ምድጃ ስለሚገባ ይኮማተራል፤ በቆዳው ክሮች መካከል ሴል የሚገባበት ክፍተት ይጠፋል።

ለመጨረሻው ሙከራ አናጢ ዘንድ ሄጄ መዳፍ የምታህል መወጠሪያ አሠራሁ። «ለአይጥ አልጋ ነው?» ብሎ አሾፈብኝ። ኖራውን ተውን፣ ምድጃውን ተውን፤ ጀርም ማጥፋቱን ብቻ በራሳችን መንገድ ሠራንና ሴሎቹን አሰፈርን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወርቅውሃ ማይክሮስኮፑ ፊት ቆማ ቀረች። «አንተ እይልኝ» አለች። አየሁ። አልሞቱም! ተዘርግተው ሽፋኑን ቆንጥጠው ይዘዋል፤ እየተከፈሉ የሚበዙም አሉ!

«ወርቅውሃ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዶክተርነቷን የት አባቴ አስታውሼው! አየች፣ ደግማ አየች፣ ከዚያ እልልታዋን አቀለጠችው። ጥበቃው እሳት የተነሣ መስሎት ዱላውን ይዞ ደረሰ። ማመልከቻዬን ያኔውኑ ቀደድኩት።

ኮሚቴው ጥናቱ ይቀጥል አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰላምንም ይዘን ኮሶዬ ወጣን። አያ መልካሙ የሴሎቹን ፎቶ በስልክ አይተው «ይኸኛውንስ አልገደላችሁትም፤ ሸጋ ነው» አሉ። ከዚያ ሰላምን፣ የተጠመጠመ ነጠላዋንም አዩ።

«ለዚች ይደርሳል?»

ሽፋኑ ገና ጥንቸል ላይ ይሞከራል፤ ሰው ጋ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ነው። ወርቅውሃ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን መዋሸት ያማራት መሰለኝ።

«እንጃ፣ አያ» አለች።

ሰላም ነጠላዋን ከአንገቷ ፈትታ አጥሩ ላይ ሰቀለችው። መወጠሪያው አጠገብ ቁጭ አለችና እጇን ዘረጋች።

«መፋቂያውን ይስጡኝ» አለች። «ከየት ነው የሚጀመረው?»