የእንዶዱ ምስክርነት

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ «አፍንጫ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም» ይሉ ነበር፤ ሐሜት ሲሰሙም ይህንኑ።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ አባቴ ቡሬ ላለው ቤታችን ከአዲስ አበባ ቡታጋዝ አመጣ። በሳምንቱ ወጥ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ሸተተ። አባቴ የሚያፈስበትን ለማየት ክብሪት ሲያወጣ አክስቴ እጁን ቀብ አደረጉት።

«ተው አንተ! ምስክር እስካመጣ ጠብቅ።»

በሩን ከፍተው፣ ልብስ የሚያጥቡበትን እንዶድ ወቅጠው በውሃ አሹና አረፋውን የጋዙ ጎማ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ቀቡት። ጎንበስ ብለን አየን። አረፋው በአንድ በኩል ብቻ ያብጣል፣ ይፈነዳል።

«ይኸው መሰከረ!» ብለው ሳቁ። አባቴ ማሰሪያውን አጠበቀው።

አክስቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ትናንት ጎማውን ቀየርኩና እንዶድ ቀባሁበት። አንድም አረፋ አልፈነዳም። እኔ ግን ከጎኔ «ይኸው!» የሚል ሰው እየጠበቅሁ፣ ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ።