ለሙት ዓመት የተነከረው ገብስ

እናቴ መካነ ሰላም ውስጥ ጠላ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። በዚያ ሰፈር ጠላ የማይሸጥበት ቤት ጥቂት ነው። ጠላ የደረሰለት ቤት ረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ ደጁ ላይ ያቆማል፤ ሲያልቅበት ያወርዳል። የሰፈሩ ወሬም ከዚያው ነው የሚነሣው። የማን ጠላ ኮመጠጠ፣ የማን ጌሾ በዛበት፣ ከማን ቤት የወጡ ጠጪዎች መንገድ ላይ ተደባደቡ፣ ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ የምናወራው ይህንኑ ነበር። እኔ አግብቼ፣ አልሆንልኝ ብሎ ፈትቼ፣ ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩት ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ አብረን መጥመቅ ያዝን።

ከመንገዱ ማዶ ቀሪቦ የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን። ቀሪቦም እንደ ጠላ ከገብስ ነው የሚሠራው፤ ግን አያሰክርም። እናቴና እሷ ገብስ ከአንድ ነጋዴ ይገዙ፣ ወንፊት ይዋዋሱ ነበር። «የኔን ጠጥቶ የሰከረ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ያንቺን ጠጥቶ ነው» እያለች እናቴን ታስቃት ነበር።

የዚያን ዓመት የደጋው በልግ ቀረ። ገብሳችን የሚመጣው ከለጋምቦ ስለነበር ወሬውን ቀድመው የነገሩን ባለ በቅሎዎቹ ናቸው። አንዱ ከበቅሎው ሳይወርድ «ዘንድሮ ለዘር የሚሆን እንኳ አልተገኘም፤ እኔንም ከእንግዲህ አትጠብቁኝ» ብሎን አለፈ። ክረምቱም ገባሁ ሳይል ወጣ። ከዚያ ጣሳዎቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። መጀመሪያ ከታች ያለችው ጎረቤታችን አወረደች፤ ቀጥሎ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ያሉት እኅትማማቾች። በደኅና ቀን አንድ ጠላ ቤት ተዘጋ ቢባል የሳምንት ወሬ ነው። ያኔ ግን ማንም ለማንም አላወራውም። እኛም ጋኖቻችንን አጥበን ግድግዳ ሥር ደፋናቸው።

ወዲያው ከቆላው በኩል ሰው ወደ ከተማው ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ወንዶች ሥራ ፍለጋ መጡ፤ ቀጥሎ ቤተሰቡ በሙሉ። በየአጥሩ ጥግ ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያዩሻል።

እሜቴ ወደ ቤታችን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። እሜቴ የምንላቸው ባለብዙ ርስት የነበሩ ሰው ሚስት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ጥቁር ለብሰው፣ ገብስ የጫኑ በቅሎዎች አስከትለው መጡ።

«እሱ በሕይወት ሳለ ካንቺ ጠላ ሌላ አይቀምስም ነበር» አሉ እናቴን። «ሙት ዓመቱንም አንቺ ጥመቂልኝ። ለድካምሽ ከገብሱ ትወስጃለሽ።»

«እሜቴ፣ በዚህ ክፉ ቀን ድግስ ይሆንላችኋል?»

«ክፉ ቀን ነው ብዬ ነፍሱን ልርሳት?»

እናቴ ትንሽ አሰበችና እሺ አለች። ከሄዱ በኋላ ግራ ገብቶኝ ሳያት «ምን ታዪኛለሽ? እኛም ሆድ አለን» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቤታችን ውስጥ የቀረን ባቄላ ብቻ ነበር።

ለብቅል የሚሆነውን ገብስ ነክረን፣ በቅጠል ሸፍነን አስቀመጥን። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላውን ለአሻሮ መቁላት ጀመርን። እንግዲህ ገብስ ሲቆላ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። በደኅናው ጊዜ መንገደኛው «እዚህ ቤት ሰሞኑን ጠላ አለ» እያለ የሚያልፍበት ሽታ ነው። የዚያን ቀን ግን ቀና ስል አጥሩ ዙሪያውን በሰው ተሞልቶ አየሁ። መቼ እንደመጡ አላወቅሁም፤ ድምፅ አልነበራቸውም።

ከመካከላቸው አንድ ሰው ሴት ልጁን በእጁ ይዞ ወደ በሩ ቀረበ።

«እትየ፣ አተላ የላችሁም?» አለ።

አተላ ጠላው ከተጠለለ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ነው፤ ለከብት ይሰጣል። እናቴ ቀና ሳትል «ገና ነው፣ አልጠነሰስንም። ለከብት ነው?» አለችው።

«ከብት የታለና» አለ።

እናቴ ድምፁን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ተነሥታ በሩ ድረስ ሄደችና አየችው። ከከላላ በታች ካለው ቆላ በየገበያው ጌሾ በአህያ ጭኖ የሚያመጣልን ሰውዬ ነበር። ሙስሊም ነው፤ እንኳን ጠላ ሊቀምስ ጌሾውን ደጅ አራግፎ፣ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል እንጂ ከጠላ ቤታችን ደፍ አልፎ አያውቅም። ያ ትከሻው ሰፊ የነበረ ሰው አሁን ጋቢው እላዩ ላይ የተሰቀለ ያህል ነበር።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለችው እናቴ። «አህያህስ? ሚስትህስ?»

«እኔና ይቺ ነን የቀረነው» አለና ልጁን አሳያት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «አተላ መለመኔን አላህ ይየው፣ እትየ» አለ።

እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ገብሱን የሸፈነችበትን ቅጠል ገለጠች። ነጫጭ ሥር ማውጣት ጀምሮ ነበር። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ አንድ እፍኝ ዘገነች።

«ይሄን ወቅጪው» አለችኝ።

«እማዬ፣ የእሜቴ ነው እኮ!»

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ወቅጪው።»

ያቺ የማዶዋ ጎረቤታችን ሰዉን አይታ ኖሮ የራሷን ድስትና በቤቷ የቀረውን ዱቄት ይዛ መጣች። የጌሾውን ሰውዬ ስታይ «ያረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። ቀጥላ ለእኔ «ወፍራም እንዳታደርጊው፤ ባዶ አንጀት ወፍራም አይችልም። ውሃ የበዛበት አጥሚት ይሁን፣ ጥቂት በጥቂት እንስጣቸው» አለችኝ። ከልጅቱ ጀመርን። ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ከጠጣች በኋላ አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ ለሱም እስኪሰጠው ድረስ ዐይኗን ከፊቱ አላነሣችም።

በማግስቱ የሰዉ ቁጥር ጨመረ። የሚነከረው ተነክሮ፣ የበቀለው እየተወቀጠ፣ አጥሚት እየሆነ ይወጣ ነበር። ስለ ጠላው ያነሣ የለም። እናቴ ግን ድብቅ ነገር አትወድም፤ «ሂጂና የሆነውን እንደሆነው ንገሪያቸው» ብላ ወደ እሜቴ ላከችኝ።

እሜቴ ግቢያቸው ውስጥ ዘመዶቻቸው ከበዋቸው ተቀምጠው ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለባሌ ነፍስ ያልኩትን እናንተ ለመንገደኛ አደላችሁት?» አሉ።

«ሰዉ እያለቀ ነው፣ እሜቴ። መጥታችሁ ብታዩት።»

አንዱ ዘመዳቸው ሊገፋኝ ተነሣ። እሳቸው በእጃቸው ከለከሉትና ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ። ከአጥራችን ሲደርሱ ተቀምጠው ከነበሩት መካከል አንድ ሽማግሌ አያቸውና ከመሬት ለመነሣት ይታገል ጀመር። የእሳቸው ጭሰኛ ነበር። እንደ ልማዱ እጅ ሊነሣ ጎንበስ አለና በዚያው ወደ ፊት ወደቀ። ያነሣነው እኔና እናቴ ነን። እሜቴ እስክናነሣው ቆመው አዩ። ተመልሰው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ በቅሎዎቹ መጡ። ያ ሊገፋኝ የተነሣው ዘመዳቸው ደረቁን ገብስና የተቆላውን አሻሮ ሁሉ አስጫነ። የተነከረውን ሊያስዝቅ ሲል አብሮት የመጣው አሽከር «እሜቴ የተነከረውን ተዉላቸው ብለዋል» አለው። ሰውዬው ተሳድቦ ሄደ።

የተነከረው ትንሽ ቀናት አቆየን። ከዚያ አለቀ። እናቴ ገብሱን የነከርንበትን ጋን አዘንብላ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገብታ ዳበሰች። አጥሩ ጥግ ያሉት ማለቁን ሳንነግራቸው አወቁ፤ መሄድ የቻለ ወደ አቀስታ መንገድ ሄደ። የጌሾው ሰውዬ መሄድ አልቻለም። ጠዋት በሩን ስንከፍት ልጁ ክንዱ ላይ ተኝታ ነበር፤ እሱ ሞቷል። የማዶዋ ጎረቤታችን የመስጊዱን ሰዎች ጠርታ አስቀበረችው። ልጅቱን ይዛ ወደ ቤቷ ስትሻገር እናቴ «እኔም እኮ አለሁ» አለቻት። «አባቷ በሄደበት ዲን ትደግ። አንቺም ጎረቤት ነሽ፣ የት ትሄጃለሽ?» አለች ጎረቤታችን። እናም በሁለት ቤት አደገች።

የእሜቴ ባል ሙት ዓመት ሌላ ሰፈር በተጠመቀ ጠላ ተደገሰ። ሄደው የነበሩ ሰዎች ጠላው ተርፎ መደፋቱን ነገሩን። ጠጪ ጠፍቶ።

ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፤ መሬት ላራሹ ታወጀ፤ ተማሪዎች ለዘመቻ መጡ። የእሜቴ ርስት ለገበሬዎች ተከፋፈለ። እናቴ ይህንን ስትሰማ «ይገባል» ብቻ ነው ያለችው። በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ እየያዘ መጣ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ከመሣሪያ ያዥ ጋር ቤታችን ገባ። ከዚያ ቀደም ደንበኛችን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልተቀመጠም።

«በሕዝብ ስብሰባ ላይ በአድሃሪዋ ላይ ትመሰክሪያለሽ» አላት እናቴን።

«ምን ብዬ?»

«ጭቁኑ ሕዝብ ሲራብ እህሉን ጠላ ልታደርገው እንደነበር። ከአፋችሁ ነጥቃ እንዳስጫነች። ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን።»

ስብሰባው የተደረገው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። እሜቴን መሬት ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ፀጉራቸው ተገልጧል፤ ነጠላቸውን ማን እንደወሰደባቸው አላወቅሁም። የእናቴ ተራ ሲደርስ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

«ገብሱ የእሷ ነበር» አለች። «ጥመቂልኝ አለችኝ፤ እሺ አልኩ። የነከርኩት እኔ ነኝ። ሰዉን ሳይ ጊዜ አጥሚት አደረግሁት። ደረቁን አስወሰደች። የተነከረውን ተወችልን። ያየሁት ይኸው ነው።»

«የሞቱትስ?» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ። «በሷ ምክንያት ስለሞቱት ተናገሪ!»

«የሞቱትማ ሞቱ። ጎተራ የነበረው ሰው ያኔ እሷ ብቻ አልነበረችም። አንተስ የት ነበርክ?»

ከጎኔ የቆመችው ጎረቤታችን እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። አንድ ሰው «ትቀመጥ!» ብሎ ጮኸ፤ ብዙዎች ተከተሉት። እናቴ ግን ቀድሞም ተቀምጣ ነበር።

እሜቴን በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወሰዷቸው። ከዚያ በኋላ ያያቸው አላጋጠመኝም። የኛ ጠላ ቤት ደግሞ የአድሃሪዎች መሰብሰቢያ ተብሎ ታሸገ፤ መኖሪያ ጓዳው ብቻ ቀረልን። መሣሪያ ያዡ ከድርቁ ጀምሮ ወርዶ የተቀመጠውን ጣሳችንን አንሥቶ ወደ ቦዩ ወረወረው። እናቴን አላሰሯትም፤ ምናልባት አርጅታለች ብለው ይሆናል። ግን ሰው ይሸሻት ጀመር። ያ ሁሉ ቤታችን ሲጠጣ የኖረ ሰው መንገድ ላይ ሲያያት ዐይኑን ይሰብራል። ሰላም የምትላት የማዶዋ ጎረቤታችን ብቻ ነበረች። እሷም ሳታፍር፣ ከሩቅ ጮክ ብላ።

ዝናቡ ተመልሶ ገብስ ሲረክስ ቀበሌው የራሱን መጠጥ ቤት ከፈተ። ጠማቂ ስላጡ እኔን ጠሩኝ። እናቴን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት።

«ሌላ ምን ሙያ አለሽ? ሂጂ» አለች። «እኔ ግን እጄ እምቢ ብሎኛል።»

እውነትም ከዚያ ወዲያ አልጠመቀችም። እኔ ሄድኩ። ጠላው ጥሩ ነበር፤ ገብሱም ጌሾውም ሞልቷል። ሰው ግን ጠጥቶ አይናገርም። አንድ ሰው ሲገባ ሁሉም ወደ በሩ ያያል፤ የገባውን ካወቁት ወደ ጽዋቸው ይመለሳሉ፣ ካላወቁት ተነሥተው ይሄዳሉ። በዚያ ሰሞን ብዙ ልጆች ከየቤታቸው ይወሰዱ ነበር፤ ወላጆቻቸው ከወሳጆቹ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። የትኛው ጠላ ቤት ምን ሆነ፣ የማን ጠላ ኮመጠጠ የሚል ወሬ እስከ ወዲያኛው ጠፋ።

መጠጥ ቤቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት እናቴ ጾም ላይ ታማ ተኛች። ልጅቱ ከማዶ እየተሻገረች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ባለንበት «ያ አሽከር ባይናገር ኖሮ የተነከረውንም ይወስዱት ነበር» አለች። ማንን እንደምታናግር አላወቅንም። በማግስቱ አረፈች።

እኔ መካነ ሰላምን ለቅቄ ደሴ ገባሁ፤ ዳግመኛም ጠላ ሸጬ አላውቅም። ልጅቱ አድጋ አቀስታ ለአንድ ነጋዴ ተዳረች። ለሠርጓ ስትጠራኝ ሄድኩ። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አባቴ ምን ይመስል ነበር? እኔ ትዝ የሚለኝ ክንዱ ብቻ ነው» ብላ ጠየቀችኝ። ትከሻው ሰፊ እንደነበር፣ አህያውን ሲነዳ ከሩቅ ድምፁ ይሰማ እንደነበር ነገርኳት። የበለጠ እንድነግራት ጠበቀች። የማውቀው ግን ያ ብቻ ነበር።