የተገፋችው ክብ

በውሃ መሥሪያ ቤት ካርታ የሚሠራውን ሰውዬ ሰፈሩ «ባለክቡ» ይለዋል። ሥራው የከተማው መጠጥ ውሃ በሚወጣበት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዙሪያ፣ በኢንተርኔት ካርታ ላይ ቀይ ክብ ማስመር ነው። ክቧ ውስጥ ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ክልክል ነው። ማንም ስልኩን ከፍቶ መሬቱ ከክቧ ውስጥ ይሁን ከውጭ ማየት ይችላል፤ የፈቃድ ክፍሉም የሚያምነው ካርታውን እንጂ የሰውን አፍ አይደለም።

ካርታው የተከፈተ ሰሞን ከተማው አጨበጨበ። ውሃ ሕይወት ነው ያላለ አልነበረም። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ግቢ አየና ጭብጨባው ቀዘቀዘ። በባለክቡ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ክቧ ሳሎኑን ለሁለት ስለከፈለችበት ሶፋው ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀ። አንዲት ሴትዮ ክቧን ወደ ጎረቤቷ ትንሽ ጠጋ እንዲያደርግላት ለመነች፤ ጎረቤቷ ደግሞ ከኋላዋ ተሰልፎ ነበር። ባለክቡ ግን ወይ ፍንክች። ውሃ የሰው ፊት አይቶ አይፈስም እያለ ሁሉንም ባዶ እጁን ሸኘ። ኩራቱንም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ትንሽ አብዝቶት ነበር።

ዘመድ ሲመጣ ግን ነገር ይለያል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ጋራዥ ሊከፍት የገዛው ቦታ ከትልቁ ጉድጓድ አጠገብ፣ ክቧ መሃል ላይ ዱብ አለ። ሰውዬው እህቱን እንደ አባት አሳድጎ የዳረ ነው፤ ባለክቡም «ጋሼ» ከማለት ሌላ ጠርቶት አያውቅም። ጋሼ አንዲት ጠብታ የተቃጠለ ዘይት መሬት ብትነካ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል ብሎ ማለ። ሚስትየዋ ደግሞ እራት እያቀረበች ፊቷን አጠቆረች።

«ያሳደገኝን ሰው በአንድ መስመር ልትከለክለው ነው?» አለችው። «ለአገር ሁሉ አድላ አላልኩህም። ለአንድ ወንድሜ ብቻ።»

ለሰልፈኛው ሁሉ ድንጋይ የሆነው ሰውዬ እዚህ ላይ ቀለጠ። በማግስቱ ትልቁን ጉድጓድ ከነክቧ ጎትቶ ኳስ ሜዳው ላይ አስቀመጠው። ካርታው ላይ ማለቴ ነው፤ ጉድጓዱማ የት ይሄዳል።

ተቆጣጣሪዎቹ የሚሄዱት ካርታው ወደመራቸው ነውና ኳስ ሜዳውን በትጋት ይጠብቁ ጀመር። «የመጠጥ ውሃ ምንጭ ስለሆነ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ከሜዳው ዳር ተተከለ፤ ተጫዋቾቹም የጎል ቋሚ አደረጉት። የጉድጓዱ ዘበኛ ደውሎ፣ ቁጥጥር የሚባል ዝር አላለም፣ እኔ ግን ይኸው ጉድጓዱ አጠገብ ቆሜአለሁ ቢል፣ ሥራ አስኪያጁ ካርታውን አየና ጉድጓዱ ያለው ኳስ ሜዳው ላይ ነው፣ የሥራ ቦታህን ጥለህ የት ሄደህ ነው ብሎ ገሠጸው። ጋራዡ ፈቃዱን አግኝቶ ተከፈተ። ባለክቡም ቅሬታ በመቀነሱ ተመሰገነ።

ወራት አልፈው ጋሼ አንድ እሑድ ለምሳ መጣ። የባለክቡ ትንሿ ልጅ ከቧንቧ ውሃ ቀድታ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ለአጎቷ አቀረበች። ጋሼ ግንባሯን ሳማትና ከቦርሳው የታሸገ ውሃ አወጣ።

«እኔ የቧንቧ ትቻለሁ የኔ ልጅ» አላት። «ሆዴን አይስማማኝም።»

«ከመቼ ወዲህ?» አለች እህቱ።

«ጋራዡን ከከፈትኩ ወዲህ» አለ፣ ሳያስበው።

የሚያኝክ ሁሉ ማኘኩን ተወ። ልጅቷ እንቢ የተባለችውን ውሃ ራሷ ልትጠጣው ወደ አፏ ስታስጠጋ እናቷ ብርጭቆውን ከእጇ ነጠቀቻት፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ባለክቡ አንገቱን ደፋ። ስንት ወር ሙሉ እያወቀ ለገዛ ልጁ ሲቀዳ መኖሩ አሁን ገና አሳፈረው።

«ስልክህን አውጣ» አለችው ሚስቱ። «ክቧን እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ መልሳት።»

ስልኩን አወጣና ክቧን ከኳስ ሜዳው አንሥቶ ቦታዋ ላይ መለሳት። ጋራዡ መሃሏ ገባ። ጋሼ የታሸገ ውሃውን እንደያዘ እህቱን ትክ ብሎ አያት።

«እኔስ?» አላት።

«አንተማ ውሃህን ይዘሃል» አለችው።