ጠጥተው የማያውቁት ሰው ጉበት

ጋሽ ታደለ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ እዚህ በስደት በምንኖርበት አገር፣ ዲኬተር ከተማ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል አርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው እያዘንኩም እየፈራሁም ነው። የገደላቸው በሽታ አብሯቸው አልተቀበረም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በእድራችን ሊቀመንበርነት ነው። እኔ ግን መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ጎህ ሳይቀድ ገብተን ሲመሽ እንወጣ ነበር። በእረፍት ቀናቸውም ስኮትዴል ሰፈር ለገባ አዲስ ቤተሰብ ዕቃ ሲያመላልሱ ይውሉ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤታቸው ልጅ ምጥ ሲይዛት ሥራቸውን ጥለው ሐኪም ቤት አደረሷት። አለቃችን ሲቆጣቸው «ልጅ ቀጠሮ አያከብርም» ብለው አሳቁት።

መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ድግስ ላይ ለስላሳ ነበር የሚጠጡት፤ በጾም ደግሞ ምሳቸው ዳቦና ለስላሳ ነበር። ስኳራቸውም ከፍ ካለ ቆይቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪማቸው ጉበታቸው ስብ መያዙን፣ ቫይታሚን ዲያቸውም በጣም ማነሱን ነገረቻቸው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው እንደሚገኙ፣ ያዘዘችላቸው የቫይታሚን እንክብል ግን ብቻውን ጉበት እንደማያድን አስረዳቻቸው። ክብደት ይቀንሱ፣ ለስላሳውን ይተዉ፣ ክትትሉንም አያቋርጡ አለቻቸው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሌላው ሰው «ቫይታሚን አንሶኝ ነው» ይሉ ነበር፤ እሱ አያሳፍርማ። ውሎ አድሮ እሳቸውም አመኑት።

የጉበቱን ቀጠሮ ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው ቀስ ብለው መለሱልኝ።

«ካንስል አደረግኩት። የኛ ሰው ጉበት ሲባል የሚታየው ብርሌ ነው። ታደለ ተደብቆ ይጠጣ ኖሯል ከሚሉኝ ብሞት ይሻለኛል።»

ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ብወተውት ማን ሊሰማኝ። እንክብሉን ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። በሽታው አያማቸውም ነበርና የተሻላቸው መሰላቸው። መጀመሪያ እግራቸው አበጠ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው ተነፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሊቶኒያ ወዳለው የገዛ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ጠፍቶባቸው ደወሉልኝ። የት እንደቆሙ እንኳ ሊነግሩኝ አልቻሉም። ፈልጌ አግኝቼ ሆስፒታል ሳደርሳቸው፣ ሐኪሞቹ ጉበታቸው ጠባሳ ሆኖ ማለቁን፣ ያላጣራው መርዝም አእምሯቸውን ማደናገሩን ነገሩኝ።

አእምሯቸው መለስ ሲልላቸው እጄን ያዙኝ። «ስሜን ስጠብቅ ነፍሴን ሰጠሁ። ምን ገደለው ብለው ሲጠይቁህ አትደብቅልኝ» አሉኝ።

ጋሽ ታደለ፣ አልደበቅኩልዎም። ቀብርዎ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈሩትን ሐሜት አንድ ሰው እንኳ አላነሳም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሰዉ ሲበተን ከእድርተኞቻችን አንዱ መኪናዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ጠጥቶ የማያውቅ ሰው መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ግራ ቀኙን አይቶ «እኔም ቫይታሚን ነው እያልኩ ነበር» አለኝ። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። እርስዎ በሰላም ይረፉ፣ ጋሽዬ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት አደርሰዋለሁ፤ እንዳልዘገየን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።